የታሚሉ ፖሊስ ለቅሶ

የአማቴ ጓደኛ ወንድሟ ሞቶባት፣ አማቴን ዲኬተር ከተማ ወዳለው ለቅሶ ቤት በመኪና ላደርሳቸው ነበር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲመጡ፣ አንድ ፖሊስ የወንድሙን ገዳይ የሚያሳድድበት የታሚል ፊልም እያየሁ ነበር። ታሚልኛውንም ሆነ ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ቢሆንም ቁጭ አሉ።

“እማማ፣ ረፈደብን እኮ” አልኳቸው።

“ገዳዩ ሳይያዝ የት ይኬዳል?”

ጥቂት አይተው፣ “ሐኪሙ ነው። ለቅሶ ቤት መጥቶ እህል አልቀመሰም” አሉ። እውነትም ሐኪሙ ሆኖ ተገኘ።

የደረስነው ለቀስተኛው ሊበተን ሲል ነው። ጓደኛቸው ቅር ብሏት፣ “ምነው፣ እንዲህ ትቆዪብኝ?” አለቻቸው። በትራፊኩ ላሳብብ አፌን ስከፍት አማቴ ቀደሙኝ።

“ሌላ ለቅሶ ይዞን ነው። የአንድ ፖሊስ ወንድም ተገድሎ።”

“ውይ፣ ነፍስ ይማር። ገዳዩስ ተያዘ?”

“ተያዘ” አሉ አማቴ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። “የጠቆምኩት እኔ ነኝ።”