የውሃ አባቱ ጡሩንባ

አቶ መንግሥቴ ጡሩንባ ፍለጋ ወረታ ከተማን ከላይ እስከ ታች ያካለሏት ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር። አንዱ ባለሱቅ ፊሽካ አወጣላቸው። ሌላው "ሰርግ አለ እንዴ?" ብሎ ሳቀባቸው። ስድሳ አራት ዓመት የሞላው፣ የሠላሳ ሁለት አባወራ የውሃ አባት የሆነ ሰው ጡሩንባ ቢፈልግ ምኑ ያስቃል? እሳቸው ግን ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደሚቀጥለው ሱቅ አለፉ።

የውሃ አባት የሚባለው፣ ሩዙ ታጭዶ የፎገራ ሜዳ ሽንኩርት ሲለብስ፣ ከርብ ወንዝ ተጠልፎ የሚመጣውን ውሃ ለገበሬው በተራ የሚያድል ዳኛ ነው። ደመወዝ የለውም፤ ያለው ስሙ ብቻ ነው። ነገ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ያን ስም ከአቶ መንግሥቴ ላይ ለመግፈፍ አገሩ ሊሰበሰብ ተቀጣጥሯል። "ለአማቹ አደላ" ተብለዋል።

በመጨረሻ የገቡት ገመዱም፣ ዶማውም፣ ስልኩም ከሚሸጥበት ከመሐመድአወል ሱቅ ነው። መሐመድአወል ዕቃ ሊያመጣ ባሕር ዳር ሄዷል። ከመስታወት መደርደሪያው ኋላ ተቀምጣ የስልክ ሆድ ዕቃ የምትፈታው ልጁ ያስሚን ነበረች፤ ኮምፒውተር ተምራ ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው።

"ጡሩንባ አለሽ፣ ልጄ?"

"እንዴት አደሩ፣ አያ መንግሥቴ?" አለች ያስሚን። ያለ ሰላምታ ሲገቡ አይታቸው አታውቅም።

"ይመስገነው። ይቅር በይኝ፣ ነገር አቃጥሎኝ ነው። ጡሩንባ አለሽ?"

"ምን ሊያደርጉበት ነው?"

"ተራ ልጠራበት። ከቦዩ ራስ ላይ ቆሜ እነፋዋለሁ፤ ባለተራው ሰምቶ ይመጣል። አባቴም የውሃ አባት ሳለ እንዲህ ነበር የሚያደርገው።" ከደረት ኪሳቸው ስልካቸውን አውጥተው መስታወቱ ላይ አኖሩት። "ይህን ደግሞ አጥፊልኝ። ስልኩን አይደለም፤ ውስጡ ያለውን፣ የውሃ ተራ የሚቆጥረውን፣ ተራዬ የሚሉትን አፕ። ከነሥሩ ንቀይልኝ።"

"ተራዬን? አምና ሰውን ሁሉ ለምነው ያስጫኑት እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"እኔ ነኝ። ለዚህም ነው የሚያቃጥለኝ።"

ያስሚን አንድ የሩዝ ጆንያ ጎትታ እንዲቀመጡ ለመነቻቸው። እሳቸውም ተቀምጠው፣ ሦስት ቀን ሆዳቸው ውስጥ የቋጠሩትን አንድ በአንድ አወጡት።

"ባለፈው ማክሰኞ 'ታድሷል' የሚል መልእክት መጣ። ማን አድሱ ብሎ እንዳዘዛቸው እንጃ። ስከፍተው አረንጓዴው ነጭ ሆኗል። ፊደሉ እንደ ጤፍ ደቅቋል። ተራውን በድምፅ ያነብልኝ ነበር፤ ድዳ ሆኗል። ከግርጌው በኩል የሰዓት ምልክት ነበረች፤ እሷም የለችም። ቢሆንም ቁጥሩ ይታየኛልና ይሁን ብዬ ተውኩት። ረቡዕ የሠርካለም ተራ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት ናት። አየሁት፣ ሰባት ሰዓት ይላል። ሰባት ሰዓት ነይ አልኳት። በሰባት ሰዓት ዶማዋን ይዛ ብትመጣ ውሃው በባየህ ማሳ ላይ ይንጎማለላል።"

"ባየህ ማን ነው?"

"ጉዱ እሱ አይደል። የእህቴ ባል።"

ያስሚን በእጇ የያዘችውን መፍቻ አስቀመጠች።

"ባየህን ጠራሁት። በስልኬ ተራው አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ምን ቆርጦህ በቀትር ከፈትህ አልኩት። 'የኔ ስልክ አምስት ሰዓት ነው ያለኝ' አለኝ። በሰው ፊት ሌባ አልኩት። እሱም አርጅተሃል አለኝ። ሠርካለም ደግሞ ሁለታችን መክረን የበደልናት መስሏት አለቀሰች። 'የውሃ አባት ብዬ አምኜዎት ነበር' አለችኝ። ተራው በስምንት ቀን ነው የሚመለስ፤ እስከዚያ ሽንኩርቷ ገለባ ይሆናል። ከረቡዕ ወዲህ እህል በጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኛል፣ ልጄ።"

ያስሚን አዘነች። ነገር ግን የተማረ ሰው አንዳንዴ ሐዘኑን ትቶ ትምህርቱን ያስቀድማልና፣ "አያ መንግሥቴ፣" አለች፣ "ሰው አዲስ ነገር ሲመጣበት መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ሲለምደው ግን ይወደዋል። አዲሱ አፕ ብዙ ጥቅም አለው። ተራ መለዋወጥ እንኳ ይቻልበታል።"

"እኔ አዲስ ነገር ፈርቼ አላውቅም። ሩዝ ወደዚህ አገር ሲመጣ የባዕድ እህል ነው ብለው የሸሹ ነበሩ፤ እኔ በጉርምስናዬ ረግረጉ ላይ ዘርቼ በልቻለሁ። ሩዝ ግን ጤፌን ከጎተራ አውጥቶ አልደበቀብኝም። አሁን አንቺ ምሳሽን በልተሽ ስትመለሺ ሚዛኑን ከጓዳ፣ ቁልፉን ከጣራ ላይ፣ መዝገቡን ከጆንያ ሥር ብታገኚው፣ 'ሱቅሽን አሳመርንልሽ' ቢሉሽ ምን ታደርጊያለሽ?"

"እጮሃለሁ።"

"እኔም ጡሩንባ የምገዛው ለዚሁ ነው።"

ያስሚን ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም። "ግድ የለም፣" አለች ስልኩን አንስታ፣ "ማስተካከያው አልጠፋም፤ ቦታ ነው የለወጠው። ሁለት ደቂቃ ብቻ ይታገሡኝ።"

ሁለቱ ደቂቃ አምስት ሆነ፤ አምስቱ ሃያ ሆነ። ያስሚን ስትከፍት፣ ስትዘጋ፣ ወደ ላይ ስትስብ፣ ወደ ታች ስትገፋ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። አንድ ደንበኛ ገመድ ሊገዛ ገብቶ ገዝቶ ወጣ። አቶ መንግሥቴ ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ደስ አላቸው።

"አገኘሽው?"

"እየመጣ ነው።"

"ከባሕር ዳር በእግሩ ነው የሚመጣ?"

በመጨረሻ ያስሚን ቀና አለች። ፊቷ ቀልቷል። "አያ መንግሥቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ተምሬ ይህን ያህል ከዳከርኩ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ የደበቁት ሰዎች ነው። እዚች ጥግ ላይ ያለችውን የሰው ፊት ያያሉ? እሷን ሲነኩ 'ሌሎች' የሚል ይመጣል፤ በ'ሌሎች' ውስጥ ካርታ አለ፤ ሰዓቱን የቀበሩት ካርታው ሥር ነው።"

"ሰዓት ከካርታ ጋር ምን አገናኘው?"

"እኔም አልገባኝም። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የባየህ ስልክ አሮጌ ነው?"

"መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ዘወትር 'ቦታ የለኝም' እያለ የሚያላዝን።"

"እንግዲያው የሱ አፕ አልታደሰም። የእርስዎ ስልክ ለባየህ አሥራ አንድ አለ፤ የሱ ስልክ አምስት አለ። በመካከሉ ስንት ሰዓት አለ?"

አቶ መንግሥቴ በጣታቸው ቆጠሩ። "ስድስት።"

"ባየህ ሌባ ቢሆን አንድ ሰዓት ይሰርቅ ነበር፤ ቢደፍር ሁለት። ልክ ስድስት ሰዓት የሚሰርቅ ገበሬ የለም። አፑ ሲታደስ የእኛን ሰዓት ትቶ በፈረንጅ ሰዓት መቁጠር ጀምሯል። በፈረንጅ ሰባት ሰዓት ማለት ለእኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ሠርካለም መምጣት የነበረባት ጠዋት በአንድ ሰዓት ነው። ባየህም በአምስት ሰዓት የመጣው በገዛ ተራው ነው።"

የውሃ አባቱ ስድስቱን ዳግመኛ በጣታቸው ቆጠሩ። ኋላም በቀስታ "ሌባ ብዬዋለሁ" አሉ። "በልጆቹ ፊት።" ኀፍረት ያዛቸው፤ ኀፍረቱም ወዲያው ቁጣ ሆነ። "እንግዲያ ያጣላን ይኸው ነው። አሁኑኑ አጥፊልኝ፣ ጡሩንባዬንም ስጪኝ።"

"አጠፋዋለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። በጡሩንባው ዘመን ሰው አይጣላም ነበር?"

አቶ መንግሥቴ ሐሰት መናገር አያውቁበትም። "ይጣላል" አሉ። "አልሰማሁም ባዩ ብዙ ነበር። ነፋሱ ወዲያ ሲነፍስ እውነትም አይሰማ። ጎረቤታችን ዓለምነህ ግንባሩን በዶማ የተፈነከተው ያኔ ነው። አፑ ከመጣ ወዲህስ ዶማ የተማዘዘ የለም።"

"ያኔ ማን እውነት እንደተናገረ በምን ይለይ ነበር?"

"በመሐላ።"

"አሁን ይህን ይመልከቱ።" ያስሚን አንድ ገጽ ከፈተችላቸው። "ከጥቅምት ጀምሮ የተደለደለው ተራ ሁሉ እዚህ ተጽፏል። ማን እንደደለደለው፣ መቼ እንደነካው አለ። ባለፈው ሳምንት እርስዎ አንዱንም ተራ አልነኩም። እጅዎ ንጹሕ መሆኑን የሚመሰክርልዎ ይህ ብቻ ነው። እኔ አጥፊልኝ እንዳሉኝ አጥፍቼው ቢሆን ኖሮ ነገ በምን ይከራከሩ ነበር? ጡሩንባ አይመሰክርም፣ አያ መንግሥቴ። ተነፍቶ ያልቃል።"

አቶ መንግሥቴ መነጽራቸውን አውጥተው ገጹን እስከ መጨረሻው አነበቡት።

"በይ እንግዲህ ሰዓቱን መልሽልኝ።"

"እኔ ልንካልዎት?"

"ተይ። ነገ ሰው ፊት የምነካው እኔ ነኝ፤ ዛሬም እኔ ልንካው። የሰው ፊት አልሽ። 'ሌሎች'። ካርታ። ከካርታው ሥር ሰዓት።" ሦስት ጊዜ ወጥተው ሦስት ጊዜ ገቡ። በሦስተኛው ያስሚን እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቆማ ነበር። ድምፁንም እዚያው አጠገብ አገኙት፤ ስልኩ ከአምስት ቀን ዝምታ በኋላ "ሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ የአቶ መንግሥቴ ተራ" ብሎ ተናገረ። ያስሚን ተራ መለዋወጫውንም አሳየቻቸው፤ ይህኛውን ሳይወዱ በግድ ወደዱት።

"አንድ ነገር ይቀራል፣" አለች ያስሚን። "እኔና እርስዎ ብናገኘው ሌላው ገበሬ አላገኘውም። ለሠሪዎቹ በድምፅ ይንገሯቸው፤ መላኪያው ይኸው።"

"ይሰሙኛል?"

"ካልነገሯቸው ግን በምን ይወቁ?"

አቶ መንግሥቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ስልኩን እንደ ሰው ፊት ለፊታቸው ይዘው ተናገሩ። "እንደምን ዋላችሁ። መንግሥቴ ነኝ፣ የውሃ አባት፣ ከፎገራ። ሥራችሁ መልካም ነው፤ ዶማ አስጥሎናል። ግን የሰው ሰዓት ሳትጠይቁ ለወጣችሁ። ባለሰዓቱን ሳትጠይቁ ሰዓት አትንኩ። አንዲት እናት ውሃ አመለጣት፤ እኔም አማቼን ሌባ አልኩት። ከእንግዲህ የምታዛውሩት ነገር ካለ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ያኖራችሁበትንም አሳዩን። እግዚአብሔር ያበርታችሁ።"

ሲወጡ ያስሚን ከመደርደሪያው ጫፍ አንድ ሰማያዊ፣ ኳስ ሜዳ የሚነፋ ጡሩንባ አወረደች። "ይህስ ይቅር?"

"አምጪው። ከመጣሁ አይቀር።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሠላሳ ሁለቱም አባወራ ከውሃው በር አጠገብ ተቀመጡ። አቶ መንግሥቴ ማንም ሳይጠራቸው ተነሡ። የባየህን የተሰነጠቀ ስልክና የራሳቸውን ጎን ለጎን ይዘው፣ ሰዓቱን አንዴ ወደ ፈረንጁ፣ አንዴ ወደ እኛው እየለወጡ አሳዩ። አሥራ አንዱ አምስት ሲሆን፣ ሰባቱ አንድ ሲሆን ሰው ሁሉ በዓይኑ አየ። ከዚያ ስልኩን ለሠርካለም ሰጧት። ሠርካለም ስምንተኛ ክፍል የደረሰች ናት፤ መዝገቡን መስመር በመስመር አነበበችው።

"ይህን በእጅ መለወጥ ይቻላል?" አለች።

"ቢለወጥ የለወጠው ሰው ስም ይጻፋል" አሏት።

እንደገና አነበበችው። የማንም ስም የለም።

አቶ መንግሥቴ ወደ ባየህ ዞሩ። "በልጆችህ ፊት ሌባ ብዬሃለሁ። አልሰረቅህም፤ እኔ ነኝ የተሳሳትሁ። ድንጋይ ተሸከም ብትለኝ እሸከማለሁ።"

ባየህ መሬት መሬት እያየ "ተወው እባክህ" አለ። "እኔስ አርጅተሃል ብዬህ የለ።" ተነሥቶ ትከሻቸውን ሳመ።

አቶ መንግሥቴ ግን አልጨረሱም። ስልካቸውን ከሠርካለም ተቀብለው መለዋወጫውን ነኩ፤ ስልኩም ለሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ "ሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ የወይዘሮ ሠርካለም ተራ" አለ። የእሳቸው ማሳ የሷን ተራ፣ ሐሙስን፣ ሊጠብቅ ነው።

ሠርካለም ቆመች። "ረቡዕ በአደባባይ የከሰስኩዎት እኔ ነኝ" አለች። "አሁንም በአደባባይ የምናገረው እኔ ልሁን። የውሃ አባታችን አያ መንግሥቴ ናቸው። ሌላ የምትሉ እጃችሁን አውጡ።" አንድም እጅ አልወጣም።

ሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት በሩ ተከፈተ። ባየህ ዶማውን ይዞ መጥቶ ቦዩን ይመራ ነበር። አቶ መንግሥቴም ያን ሰማያዊ ጡሩንባ ይዘው ከቦዩ ራስ ቆመዋል። ውሃው የጠወለገውን ሽንኩርት መስመር እየበላ ሄዶ ከመጨረሻዋ መስመር ሲደርስ ሠርካለም "እስቲ ያን ጡሩንባ ይስጡኝ" አለች። ተቀብላም እስከ ርብ ማዶ እስኪሰማ ነፋችው።

ከዚያ ወዲህ ያ አገር ትልቅ ነገር ተማረ። የታደሰ አፕ ሲመጣ፣ ተራ ከመጠራቱ በፊት ሁለት ስልክ ጎን ለጎን ይታያል። ያልገባው ይጠይቃል፤ የጠፋበት ለሠሪው ይናገራል። ተራ የሚለዋወጥ ከቤቱ ይለዋወጣል፤ የተጠረጠረ መዝገቡን ያስነብባል። በዚያ ዓመት በዚያ ቦይ አንድም ሰው አልተጣላም፤ የሠርካለም ሽንኩርትም ከማንም ሽንኩርት አላነሰም።

ሠሪዎቹም ሰምተው ነበር። በወሩ ዳግመኛ ሲታደስ፣ የሰዓት ምልክቷ ወደ ፊተኛው ገጽ ተመልሳ መጀመሪያ የምትጠይቀው "በየትኛው ሰዓት ልቁጠርልዎ?" ብላ ነበር። ያስሚን ይህን እንዳየች አቶ መንግሥቴ ወደ ሱቁ እስኪመጡ ቸኩላ ጠበቀቻቸው። ቅዳሜ መጡ።

"አያ መንግሥቴ፣ ታድሷል እኮ። ይቀመጡ፣ ላሳይዎት።"

"ለሠላሳ አንዱም አሳይቼ ነው የመጣሁት" አሉ፤ የሩዙን ጆንያም ጎትተው ወደ እሷ አስጠጉት። "አንቺ ተቀመጭ። ተራ መለዋወጫውን ደግሞ ወዴት እንዳዛወሩት አላየሽም መሰል።"