ያፍ ወለምታ

(ደሴ፣ አንድ የግል ሆስፒታል። ይመኙሻል የሆስፒታል ልብስ ለብሳ፣ ክንዷ ላይ መርፌ ተሰክቶላት፣ አልጋ ላይ ተራዋን ትጠብቃለች፤ ባሏ አስናቀ የራሷን ልብስ በፌስታል ይዞ አጠገቧ ቆሟል።)

አስናቀ፦ ተነሽ ልበሺ። ሐኪሟ ሳትመጣ እንውጣ።

ይመኙሻል፦ በምን እጄ ልልበስ? ትከሻዬ ደርቆ ቀሚሴን የምታጠልቅልኝ ልጅህ አይደለችም እንዴ?

አስናቀ፦ እኔ አለብስሻለሁ።

ይመኙሻል፦ አንተ አትንካው።

አስናቀ፦ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። ደሞስ ምን ሊያደርጉልሽ ነው? አይቀድዱ፣ አይሰፉ። በማደንዘዣ አስተኝተው በእጃቸው እየጠመዘዙ ያላቅቁታል አሉ። ይሄንንማ ወጌሻውስ መቼ አቃተው?

ይመኙሻል፦ ወጌሻው «ይሄ ወለምታ አይደለም፤ ማነው የጠመዘዘሽ?» ቢለኝ፣ ሁለተኛ እዚያ ቤት እንዳትረግጪ ያልከኝ ማነው?

አስናቀ፦ አርጅቷል፤ ዓይኑም ደክሟል።

ይመኙሻል፦ ወጌሻ በጣቱ ነው የሚያየው።

አስናቀ፦ ከደረጃ ወደቅሁ ብለሻል አይደል? ለእናትሽም፣ ለጎረቤቱም። በዚያው ጽኚ።

ይመኙሻል፦ በይ ያልከኝን ነው ያልኩት።

አስናቀ፦ እኔ የእድር ዳኛ ነኝ፣ ይመኙሻል። ባልና ሚስት ሲጣሉ አስታርቀን ተብዬ የምጠራ ሰው ነኝ።

ይመኙሻል፦ እኔ ማንን ልጥራ ታዲያ?

አስናቀ፦ የጋሽ ይርጋን ሚስት አትረሺ። ማደንዘዣው ሳይለቃት የቤቷን ገመና ዘረገፈችው። ሰውየው ይኸው ከዚያ ወዲህ ቀና ብሎ አይሄድም። ያፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ይመኙሻል፦ እኔ ደሞ ለትከሻዬ የሰጋህ መስሎኝ።

አስናቀ፦ ለልጆቻችን ነው የሰጋሁት።

ይመኙሻል፦ በዚህ ጎኔ መተኛት ከተውኩ ቆየሁ። ጸጉሬን እንኳ ማበጠር አቅቶኛል። ቤት ስገባ አንተ፣ ስወጣ ያ ደረጃ። ለጠየቀኝ ሁሉ እየወደቅሁ ስንት ጊዜ ልኑር? መሄጃ አጣሁ። ጨነቀኝ።

አስናቀ፦ ይቅር በይኝ ብዬሻለሁ እኮ። ሰይጣን ነው ያሳሳተኝ።

ይመኙሻል፦ በሩን ቆልፈህ፣ ቁልፉን ኪስህ ከተህ ነው ክንዴን የያዝከው። ሰይጣን ይሄን ያህል አይጠነቀቅም።

አስናቀ፦ እሺ፣ ይሁን። ያስተኙሽ። ግን ስትነቂ አጠገብሽ እኔ ብቻ ልሁን። ነርሷን እለምናታለሁ።

ይመኙሻል፦ ለምናት። «አትገባም» ነው የምትልህ።

አስናቀ፦ በምን አወቅሽ?

ይመኙሻል፦ ትናንት አንተ መኪና ልታቆም ስትወጣ ሐኪሟ ብቻዬን አግኝታ ጠየቀችኝ። ተኝቼ እንዳልናገር አትስጋ፣ አስናቀ፤ ነቅቼ ነግሬያታለሁ።