አገር ያበላ ፎቶ

«ቱሪዴ፣ ዘንድሮ ትንኙ ቶሎ ጠፋ አይደል? ነሐሴ ሳይጋመስ ነፋሱ ጠራርጎ ወሰደው። እስቲ ያን ስኳር አቀብዪኝ። በዛ ያለ ክሬም እየመታሁ ነው፤ ከምን ጋር እንደምንበላው እንጃ... ብቻ ክሬሙ አለ።»

ጉንቮር ይህን ስትል ድምጿ ማር ነበር። በሰሜን ኖርዌይ ባለችው መንደራቸው አዳራሽ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ለእናቷ ሰማንያኛ ልደት ድግስ ጉድ ጉድ ትላለች። ጎረቤቷ ቱሪድ አጠገቧ ናት። ታናሽ እህቷ ጀርባዋን ሰጥታቸው ዋፍል ትጋግራለች። ታናሽየዋ ያንን የማር ድምፅ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ነገር ሊመጣ ሲል ነው የሚጣፍጠው።

«እኔ መቼም የሰው ስም አላነሣም፤ ታውቂኛለሽ። አንዲት ሴት ግን አለች... ራቅ ያለ አገር ናት፣ አታውቂያትም። በፀደይ ስልኳ ላይ ገጽ ከፈተች፤ ውሎዋን ለሰው ልታካፍል። እሰይ! ምን ክፋት አለው? ጠዋት ተነሥታ ‹ዛሬም ዝናብ ነው› ትላለች። እሷ ባትነግራቸው ጎረቤቶቿ በምን ያውቁት ነበር? ቀጥሎ ድመቷ ስትተኛ፣ ቀጥሎ ገመድ ላይ የተሰጣ የባሏ ካልሲ... ቀዳዳው ሳይቀር። ግልጽነት እንዲህ ነው! መጀመሪያ ተከታዮቿ አራት ነበሩ፤ አንዱ የገዛ ባሏ። ሰው ከትንሽ አይደል የሚጀምረው?»

ቱሪድ ሳቋን በፎጣ አፈነች። ታናሽየዋም ሳታስበው ፈገግ አለች፤ የካልሲው ነገር እውነት ነበር።

«ይቺ ሴት ታዲያ አባት ነበራት። አባትየው ሙልተ የሚበቅልበት ረግረግ ያውቃል። ለአንቺ ምኑን እነግርሻለሁ? ሰው ጥርሱን ያበድራል እንጂ ያንን ቢጫ እንጆሪ የሚለቅምበትን ቦታ ይናገራል? አንቺስ ለእኔ ነግረሽኝ ታውቂያለሽ? ጎሽ! አባትየው መኪናውን ቤተ ክርስቲያን ደጅ አቁሞ፣ በመቃብሩ ጓሮ ሾልኮ ነበር ወደ ተራራው የሚወጣው። አርባ ዓመት ሙሉ መንደሩ ‹እንዴት ያለ ጸሎተኛ ነው!› ሲለው ኖረ። ሊሞት ሲል ሁሉንም ከክፍሉ አስወጣና ቦታውን ሊነግራት እሷን ብቻ አስቀረ። ታናሺቱን። ታላቂቱ ኮሪደር ላይ ባዶ ኩባያ ይዛ ቆመች... አልተቀየመችም! ለምን ትቀየማለች? አባ... አባትየው ማለቴ ነው፣ አፉን የሚጠብቀውን ልጅ ለይቶ ያውቃል።»

የጉንቮር መምቻ ቆመ። ታናሽየዋ ዋፍሉ ማረሩን ከሽታው ነው ያወቀችው። ከአባቷ ሞት ወዲህ እህቷ ስለዚያ ኮሪደር አንድም ቀን አንሥታ አታውቅም ነበር።

«እና ሐምሌ ላይ ምን አደረገች መሰለሽ? ሌላው ሳይበስል ቀድመው ቢጫ የሆኑትን... አንድ እፍኝ ለቀመችና ፎቶ አነሣች። ቦታውን አልጻፈችም፤ ምስጢር ጠባቂ ናት! ከእጇ ኋላ ግን ያ ለሁለት የተሰነጠቀው ቋጥኝ ቆሟል... አገር ምድሩ የሚያውቀው ቋጥኝ። ሺህ ሰው ወደደላት! ቅዳሜ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አሥራ አንድ መኪና። ቄሷ ምእመኑ ተመለሰ ብላ ደወል ልታስደውል ነበር አሉ። ጥሬውን ሳይቀር ለቅመው፣ የቦት ጫማ ዱካ ትተውላት ሄዱ። ‹ለወሬ የለው ፍሬ› ይላሉ፤ የእሷ ግን ፍሬ ነበረው... በባልዲ ተጫነ። ስስታም ናት እንዳትይኝ ብቻ! ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል አይደል የሚባለው? እሷ ብቻዋን አትሞትም፤ አገር አብልታለች።

«ግጥምጥሞሽ ሆኖ የእሷም እናት ነገ ሰማንያ ይሞላቸዋል። በየልደታቸው ከዚያች ሙልተ አንድ ማንኪያ በክሬም ቀምሰው ‹የእሱ ናት› ይላሉ፤ የሟች ባላቸውን ማለታቸው ነው። ዘንድሮ እንግዲህ... ፎቶውን ታሳያቸው ይሆናል።»

ታናሽየዋ ፎቶውን የዚያኑ ቅዳሜ አጥፍታዋለች። ለእናቷ ግን እስካሁን መናገር አልቻለችም፤ ነገ ማንኪያዋን ይዛ ስትጠብቅ ምን እንደምትላት አታውቅም። ያረረውን ዋፍል በቢላ ፍቃ አነሣችና ዞረች። ዓይኗን እንባ ሞልቶት ነበር። ጉንቮር አየቻት፤ አይታም ወደ ቱሪድ ዘወር ብላ ፈገግ አለች።

«ይልቅ እንመርቃት! ተከታዮቿን ያብዛላት። ዕድሜዋን ያርዝመው። ሁለት የተባረኩ ልጆች አሏት... እሷ የአባቷን አደራ እንደ ጠበቀች፣ እነሱም የእሷን እንዲሁ ይጠብቁላት። አሜን በይ እንጂ፣ ቱሪዴ!»