ከወይዘሮ ሰዕዲያ ጋር ወደ ሸርቆሌ በእግር ስለመሄዴ

የምስክር ስም፦ ሰብለወንጌል ሀብቱ
ዕድሜ፦ 24
አድራሻ፦ አሶሳ ከተማ
ሥራ፦ በጂኦግራፊ ተመርቃ ሥራ በመፈለግ ላይ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

በማታለል ተወስዳለች የተባልኩት እኔ ነኝ። በዚህ ምክንያት ወይዘሮ ሰዕዲያ ከትናንት ጀምሮ በዚህ ፖሊስ ጣቢያ ታስረዋል።

ወይዘሮ ሰዕዲያ የሆሞሻ ነዋሪ ሲሆኑ በገበያ የማውቃቸው ናቸው። ሸርቆሌ ያለች ልጃቸው ስለወለደች በእግር ሊጠይቋት መሆኑን ሲነግሩኝ፣ በቀርቀሃው ውስጥ የሚያልፈውን የድሮ መንገድ ማየት ስለምፈልግ አብሬ ልሂድ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ምንይችል አልፈቅድም ሲል ፈቃድ እንዳልጠየቅኩት ነግሬው ወጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት ከሆሞሻ ተነሳን። ሣሩ ከራሴ በላይ፣ ቁልቁለቱ የሚንሸራተት ድንጋይ ነበር። እሳቸው ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ይወርዳሉ። እኔ በወፍራም ጫማዬ ደጋግሜ ስወድቅ፣ «ብንቲ፣ ይሄ ጫማ አንተን ይሸከማል ወይስ አንተ እሱን?» አሉኝ። ብንቲ ልጄ ማለታቸው ነው፤ አማርኛ ሲናገሩ ሴትንም «አንተ» ይላሉ። ከሳቅ የተነሳ መነሳት አቃተኝ። ማታ ዘመዶቻቸው ቤት አሳድረውኝ ያበጠውን እግሬን በሞቀ ውሃ አሹልኝ። ማታለል ይህ ከሆነ ተታልያለሁ።

መንገዱ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ወይዘሮ ሰዕዲያ የተውነውን፣ በገደል የሚያልፈውን መንገድ በለምለም ቅርንጫፍ ጋርደውት ነበር። ተከታይ ሰው በሌላኛው መሄዳችንን እንዲያውቅ የአካባቢው መንገደኛ የሚያደርገው ነው። ምንይችል ዓርብ ጠዋት ሊፈልገኝ ሲመጣ ቅርንጫፉን አይቶ፣ ሽፍታ መንገድ ዘግቶ እህቴን ይዟል ብሎ ተመልሶ አመለከተ። ቅርንጫፉ የተቀመጠው ግን ለእሱ ነው። ሲያስቀምጡ፣ «ወንድምህ ተቆጥቷል፣ ይመጣል። በገደል እንዳይሄድ» ያሉኝን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሸርቆሌ ልንደርስ ስንል ፖሊስ አስቁሞ መለሰን። ወይዘሮ ሰዕዲያ የልጅ ልጃቸውን አላዩም።

ምንይችል ወደ ቤት ሊወስደኝ ባጃጅ ይዞ ውጭ ቆሟል። ወይዘሮ ሰዕዲያ ሳይፈቱ ከዚህ አልነሳም፤ ሲፈቱም የምንሄደው ሕፃኑን ለማየት ነው፣ በእግራችን።

ቃሌ ሲነበብልኝ «ሰዕዲያ ወሰደችኝ» ተብሎ ተጽፎ ስላገኘሁት አልፈርምም ብያለሁ። መርማሪው ሰርዘው «ለምኛቸው አብረን ሄድን» ብለው ከጻፉ በኋላ፣ ሁሉም እውነት ስለሆነ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________