የስሞታ መዝገቡን የዘጋው ሰው

ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ቁጣዬ ግን እስካሁን በሥራ ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ፣ የሰው ሰዓት በከንቱ ሲባክን ሳይ ደሜ ይፈላል። ይህ ታሪክም ደሜ የፈላበት የአንድ ማለዳ ታሪክ ነው።

ታላቅ እኅቴን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ግራ ዐይኗ ውስጥ ግፊት አለ ተብላለች። የዐይን ግፊት ቀስ እያለ ብርሃን የሚሰርቅ ሌባ ነው፤ የወሰደውንም አይመልስም። ሐኪሙ የሚገኘው በሳምንት አንድ ቀን፣ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ያለ ካርድ ደግሞ አያይም፤ የቀድሞው የግፊት ልክ ያለው ካርዱ ላይ ነውና። ካርዱ ያለው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። በካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ስንቆም ሦስተኛ ሳምንታችን ነበር፤ ባለፉት ሁለቱ ተራችን ሳይደርስ ሐኪሙ ሄዷል።

በመስኮቱ ያለችው ጸሐፊ ቁጥር ትጽፋለች፣ ትጠብቃለች፣ ቁልፉን ደጋግማ ትጫናለች፣ ደግሞ ትጠብቃለች። በእጅ ሰዓቴ ለካሁት፤ ለአንድ ሰው አራት ደቂቃ። አራት ሰዓት ሲሆን መስኮቱን ዘጋችና «ሲስተም የለም» አለችን።

ሲስተም የለም! ለምን እንደጠፋ፣ ማን እንዳጠፋው፣ መቼ እንደሚመጣ የሚናገር የለም። ሕዝቡም ምን ይደረግ ብሎ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል። እኅቴ «ተው አንተ ደግሞ፣ ይመጣል» ብላ እጄን ብትይዘኝም አስለቅቄ በጎን ባለው በር ገባሁ።

በኮሪደሩ መጨረሻ፣ የኮምፒዩተር ክፍሉ በር ላይ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ግድግዳ የምንጋራውን ጎረቤቴን። ሆስፒታል እንደሚሠራ አውቅ ነበር፤ ይህን ክፍል የሚመራው እሱ መሆኑን ግን ገና ያን ዕለት ሰማሁ። ባልደረቦቹ «ጋሼ ማብሪያ» ይሉታል። በየዕለቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሰርቨር የሚባለውን ዋናውን ማሽን አጥፍቶ ያበራዋል፤ «ይረፍ» ይላል። ማሽኑ ሲያርፍ ሠራተኛው ሻይ ይጠጣል፣ በሽተኛው ይጠብቃል። ሲበራ ጥቂት ይፈጥናል፤ ከዚያ ያው ነው።

ክፍሉ ውስጥ በቅርቡ የተቀጠረች ወጣት ባለሙያ ነበረች፤ ሁለቱ ክርክር ይዘዋል። ጎረቤቴ ሲያየኝ ያፍራል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ዳኛ አደረገኝ።

«እንኳን መጣህ መምህር። ይቺን ልጅ ምከርልኝ። ማሽኑ አርጅቷል፣ አዲስ ያስፈልገናል ብዬ ስጽፍ ሦስት ዓመቴ። እሷ ግን በነጻ የተገኘ ነገር ይበቃናል ትለኛለች።»

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የፈረድኩት ለእሱ ነበር። በነጻ የተገኘ ነገር ምን ሊፈይድ ብዬ በልቤ ናቅኳት።

ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ማርጀቱን በምን አወቁ?» አለችው።

«ይንቀራፈፋላ።»

«እግሩን ያመመው በሽተኛም ይንቀራፈፋል። ሐኪም ሳይመረምረው አርጅተሃል ብሎ አይመልሰውም። እኛ ይህን ማሽን አንድ ቀን እንኳ መርምረነው አናውቅም።»

ቀጥላም አስረዳችን። ካርዶቹ የተከማቹበት ዳታቤዝ ራሱ፣ የቀረበለትን ጥያቄና መልሱ የፈጀውን ጊዜ በመዝገብ መያዝ ይችላል። ያን መዝገብ ጨምቆ፣ ብዙ ጊዜ የበላውን ጥያቄ ከላይ የሚያስቀምጥ ፕሮግራምም አለ። ለሁለቱም ክፍያ የሚጠይቅ የለም፤ ባለሙያዎች ሠርተው ለማንም ያካፈሉት ነው። እሷ ግን መዝገቡን ብትከፍተው ባዶ ሆኖ አገኘችው። ከአምስት ዓመት በፊት ተዘግቷል።

ማን ዘጋው ብዬ ብጠይቅ ጎረቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ነኝ። ዲስኩን እየሞላ አስቸገረኝ። ነጋ ጠባ ስሞታ ብቻ፣ ይሄ ዘገየ፣ ያ ዘገየ።»

በዚህ ጊዜ ፍርዴ ተገለበጠ፤ ቁጣዬንም መያዝ አቃተኝ። «ስሞታው በዛ ብለህ የስሞታውን መዝገብ ዘጋህ? የታመመውን አፉን ይዘህ ዝም ስላለ ድኗል ትላለህ? እኅቴ እኮ እዚያ ውጭ ተቀምጣ ዐይኗ እየጠፋ ነው።»

የእኅቴን ነገር አያውቅም ነበር። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ሆኖም በቀላሉ አልተረታም። «ቢበላሽ ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ ያልነኩት ነገር አይበላሽም» አለ። ልጅቱ ታግሣ መለሰችለት።

«ጋሼ፣ አንነካውም እያልን እኮ ነው እዚህ የደረስነው። መዝገቡን ከመክፈት በቀር ዋናውን አልነካም። ማስተካከያውን መጀመሪያ በዳታቤዙ ቅጂ ላይ፣ እርስዎ አጠገቤ ተቀምጠው እናያለን። ከተሳሳትኩ ዳግም አላነሣውም።»

እኔም ደጃፉ ላይ እንደ ዘበኛ ቆሜ ስለነበር እሺ ከማለት በቀር መውጫ አልነበረውም።

ማሽኑ እንደበራ መዝገቡን ከፈተች። የካርድ ክፍሉ መስኮት ተከፍቶ አሥር ደቂቃ ከሠራ በኋላ በፕሮግራሙ አስጨመቀችው። ከጊዜው አብዛኛውን የበላው አንድ ጥያቄ ነው፤ ያም በካርድ ቁጥር በሽተኛ መፈለግ። ለአንድ በሽተኛ አሥራ አንድ ጊዜ የተጠየቀም አለ፤ ጸሐፊዋ ቁልፉን በተጫነች ቁጥር አዲስ ጥያቄ ከኋላ ይሰለፋል። ማሽኑን አጥፍቶ ማብራቱ ይህን ሰልፍ ስለሚበትን ነው ለጥቂት የሚፈጥነው፤ በሽታው ግን እንዳለ ነው።

ከዚያ ዳታቤዙን፣ ይህን ካርድ የምትፈልገው እንዴት ነው ብላ ጠየቀችው። እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ አካሄዱን ይናገራል ለካ። የአንዲትን ሴት ካርድ ለማግኘት ዘጠኝ መቶ ሺህ ካርድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነብባል። ማውጫ የለውም። እኔ ያለ ማውጫ አንዲት ገጽ ለማግኘት መጽሐፉን ሁሉ የሚያገላብጥ ተማሪ ቢገጥመኝ ማውጫ አውጣ እለው ነበር እንጂ፣ አርጅተሃል ብዬ ሌላ ተማሪ አልፈልግም።

ጎረቤቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ ደጋግሞ አነበበ። በመጨረሻም፣ «ማውጫ ነበረው። መዝገቡን የዘጋሁ ዕለት ቦታ ለማስለቀቅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ትርፍ መስሎኝ» አለ።

ልጅቱ አልተሳለቀችበትም። በትርፍ ኮምፒዩተር ላይ ባለው ቅጂ ማውጫውን ሠራች፤ እኔም ጎረቤቴን «ቁጥሩን አንተ ጻፍ» አልኩት። አራት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ጥያቄ ዐይን ሳይርገበገብ ተመለሰ። አላመነም፤ ሌላ ቁጥር ጻፈ፣ ደግሞ ሌላ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«በዋናው ላይ ሥሪው፣ ልጄ» አላት። አገልግሎቱን ሳታቋርጥ ሠራችው።

ወረፋው እንደ ውሃ ፈሰሰ። ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው እኅቴ ሐኪሙ ፊት ተቀመጠች። ግፊቱን ለካ፣ እይታዋንም መረመረ። ከዚያም ከግራ ዐይኗ እይታ ጠርዝ ላይ ጥቂት እንደሄደ፣ እንደማይመለስም ነገረን። የቀረውን ያዘዘላት የዐይን ጠብታ ያተርፈዋል። ከሁለት ሳምንት በፊት ብትመጣ ኖሮ ያም አይሄድም ነበር አለ። እሷ እኮ መጥታ ነበር።

ወዳጄ አንባቢ፣ ትርፉን አስላው። አዲስ ማሽን አልመጣም፤ ያው አሮጌው ነው። የአራት ሰዓቱ ማረፊያ ቀርቷል፣ መስኮቱ አይዘጋም፣ ከቀትር በፊት ወረፋው ያልቃል። ይህ ሁሉ የተገኘው በነጻ መሣሪያና በአንድ ማለዳ ሥራ ነው። ሳትመረምር አርጅቷል አትበል፤ ስሞታ ሲበዛብህ ስሞታውን ፍታ እንጂ መዝገቡን አትዝጋ።

በማግስቱ ጎረቤቴ ቤታችን መጣ። ወንበር ስንሰጠው አልቀመጥ ብሎ በእኅቴ ፊት አቀርቅሮ ቆመ። እኔ የምለውን ደርድሬ ስጠብቅ እሷ ቀደመችኝ።

«ተቀመጥ፣ ወንድሜ። በግራ በኩል ስለማይታየኝ በቀኜ ተቀመጥልኝ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ጎረቤቴ ጠዋት ቢሮው ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ የስሞታ መዝገቡን ያነብባል።