የማማው ተረኛ

(ከአሰብ ማዶ ባለች ትንሽ ደሴት፣ መርከቦችን የሚመራው የመብራት ማማ ሥር፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። የማማው ጠባቂ ጥላዬ ሻንጣውን አንጠልጥሏል፤ ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ሁመድ የጀልባውን ገመድ ረግጦ ቆሟል።)

ሁመድ፦ ነፋሱ ከፍቷል አልኩህ እኮ! ዛሬ ጀልባ አይወጣም።

ጥላዬ፦ የቱ ነፋስ ጋሽ ሁመድ? ሸሚዜ እንኳ ገላዬ ላይ ተጣብቋል።

ሁመድ፦ አንተ ደገኛ ነህ፤ የባሕር ነፋስ ምን ታውቃለህ።

ጥላዬ፦ ባለፈው መቅዘፊያው ተሰበረ አሉኝ። ከዚያ በፊት ወገብዎን አመመዎት። ዓሣ ጭነው ከተማ ሲሻገሩ ግን ወገብም ነፋስም የለ! ኧረ በአላህ፣ ነገ አሰብ ላይ ልጄ ክርስትና ትነሳለች። ስትወለድም አልነበርኩም። እስከ መቼ ላም አለኝ በሰማይ?

ሁመድ፦ ሄደህ ትመለሳለህ? ያለፈው ጠባቂም «ሁለት ቀን ብቻ» ብሎኝ በዚችው ጀልባ አሻገርኩት። ይኸው እስካሁን እየመጣ ነው! ማማው ሳይበራ ባደረበት ጨለማ ወንድሜ ከነጀልባው ዓለቱ ላይ ተሰብሮ ቀረ።

ጥላዬ፦ አላህ ይማራቸው። ታዲያ እኔ ልታሰርበት? እናቷ ማታ ማታ አቅፋ እያወጣቻት «ያ ብርሃን አባትሽ ነው» ትላታለች አሉ። እኔ መብራት ነኝ? ናፈቀችኝ እኮ፣ ጋሽ ሁመድ!

ሁመድ፦ ይገባኛል ልጄ። ግን ማን ያበራል? እዚህ ደሴት የሚያውቅበት የለ።

ጥላዬ፦ ላሳያችሁ ስል ሁላችሁም ትሸሻላችኋ!

ሁመድ፦ የቻለበት እዚሁ ማማው ላይ ታስሮ ሊቀር ነዋ! ሞኝ አለ እዚህ?

ጥላዬ፦ የሚችል ሰው ባገኝስ?

ሁመድ፦ ወላሂ አሁኑኑ ትሄዳለህ! ልጄ ዓሊ ይቀዝፍልሃል።

ጥላዬ፦ ጥሩ። ትናንት ትኩሳት ጥሎኝ ሳቃስት ማማው በርቶ አደረ። ማን አበራው?

ሁመድ፦ እኔ ምን አውቄ... ጂኒ ይሆናላ።

ጥላዬ፦ ጂኒ ሽርጥ ይታጠቃል? የእርስዎ ሽርጥ ላምባ ላምባ ይሸታል።

ሁመድ፦ ዓሊ ባሕር ላይ ነበር! ዓለቱ ይብላብኝ? ላምባውን ሳመላልስልህ ስታበራ አይቼ ነው፤ እንዳየሁት ሞከርኩት... ቆይ፣ አንተስ? ልትሞት ነው ብዬ አልቅሼልህ ነበር። በአንድ ሌሊት እንዴት ዳንክ?

ጥላዬ፦ መች ታመምኩና። ክብሪቱን እንኩ፣ ጋሽ ሁመድ፤ ፀሐይዋ ጠለቀች።