ጎረቤት ያስቀመጥኩት ሻንጣ

እናቴ ላልተወለደ ልጅ ልብስ ሲገዛ አትወድም፤ ገድ የለውም ትላለች። ስለዚህ የልጁን ልብስ የያዘውን የመውለጃ ሻንጣዬን በድብቅ አዘጋጅቼ፣ አብነት ሰፈር አንድ ግቢ አብረውን የሚኖሩት እትዬ ዘይነባ ዘንድ አስቀመጥኩት። ምጡ ግን እሳቸው ለቅሶ በሄዱበት ቀን መጣ። በራቸው ተቆልፏል። የደሜ ዓይነት ኔጌቲቭ መሆኑ የተጻፈበት የእርግዝና ክትትል ካርዴ ሻንጣው ውስጥ ነው። ጓጉንቸሩን ይዤ ስነቀንቅ እናቴ ከኋላዬ መጣች።

«ታክሲው ቆሞልሻል፣ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

ሁሉንም ነገርኳትና ቁጣዋን ጠበቅሁ። እሷ ግን ቤት ገብታ ከአልጋዋ ሥር ሻንጣዬን ጎትታ አወጣች።

«ዘይነባ ካመጣችልኝ ሳምንት አለፈ። የልጄን ነገር ከእኔ ልትደብቅ ኖሯል? ደግሞ ለራስሽ ምንም አልያዝሽም። ነጠላ ጫማ፣ ሰፊ ቀሚስና የውስጥ ልብስ ጨምሬበታለሁ።»

«ካርዱስ?»

«ከላይ አለልሽ።»

ግድግዳውን ተደግፌ፣ ምጡ ፋታ ሲሰጠኝ ሳቅሁ።

«እማዬ፣ የልጁን ልብስ አየሽው?»

«የምን ልብስ?» አለች ሻንጣውን አንጠልጥላ ወደ ታክሲው እየቀደመችኝ። «እኔ ምንም ልብስ አላየሁም።»